የ2021 ሱፐር 50፦ ስለ ካሪቢያን የክሪኬት ዋንጫ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካሪቢያን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሬጌንና የአጭር ርቀት ሩጫን ነው። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን ከሁለቱ በፊት ክሪኬትን ሊጠራ ይችላል። ዩሴይን ቦልት እንኳ በልጅነቱ ክሪኬት ተጫዋች ነበር። ወደ ሩጫው የገፋፋው የክሪኬት አሠልጣኙ ነው።

ከታች ያሉት ጥያቄዎች በአንድ የውድድር ዘመን ላይ ያተኩራሉ፤ በ2021 በተካሄደው ሱፐር 50 ላይ። ይህን ዘመን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሦስት ሳምንት ውድድር ብቻ ነበር። ግን የካሪቢያን ክሪኬት በምን ላይ እንደቆመ ከእሱ የበለጠ ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ የለም። ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሱፐር 50 ምንድን ነው?

የካሪቢያን አገሮችና ደሴቶች እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት የ50 ኦቨር ክሪኬት ውድድር ነው። የጀመረው በ1975/76 ሲሆን ያኔ ጊሌት ካፕ ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስፖንሰር በተቀየረ ቁጥር ስሙም ተቀይሯል። አንድ ጊዜ ሬድ ስትራይፕ ቦውል፣ ሌላ ጊዜ ኬኤፍሲ ካፕ ሆኗል። በ2021 ስፖንሰሩ ሲጂ ኢንሹራንስ ስለነበር ውድድሩ በኩባንያው ስም ተጠርቷል። ስሙ ይቀያየር እንጂ ዋንጫው ያው አንድ ነው። ትሪኒዳድ ባርቤዶስን፣ ጃማይካ ጉያናን የሚገጥምበት መድረክ ነው።

ዌስት ኢንዲስ የሚባል አገር አለ እንዴ?

የለም። ዌስት ኢንዲስ የብዙ አገሮች የጋራ ቡድን ነው። ጃማይካ፣ ባርቤዶስ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ፣ ጉያና እና ሌሎች ትናንሽ ደሴቶች በዓለም አቀፍ ክሪኬት በአንድ ማሊያ ይጫወታሉ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ባንዲራ አላቸው፣ የራሳቸው መንግሥት አላቸው፣ በእግር ኳስም ለየብቻቸው ነው የሚሰለፉት። በክሪኬት ግን አንድ ናቸው። ጉያና ደግሞ ጭራሽ ደሴት አይደለችም፤ ደቡብ አሜሪካ ዋናው ምድር ላይ ነው ያለችው።

ለዚህ ነው ሱፐር 50 ከተራ የአገር ውስጥ ሊግ የሚለየው። በሌላ አገር የአገር ውስጥ ውድድር ማለት ከተማ ከከተማ ነው። እዚህ ግን አገር ከአገር ይፋለማል። ትናንት በአንድ ማሊያ አብረው የተጫወቱ ሰዎች ዛሬ ፊት ለፊት ይቆማሉ። በሳምንቱ ደግሞ ተመልሰው አንድ ቡድን ይሆናሉ።

ስለ ክሪኬት ምንም አላውቅም። ውጤቱን ለመረዳት ምን ያህል ማወቅ አለብኝ?

ብዙ አይደለም። በእያንዳንዱ ቡድን 11 ሰው አለ። አንዱ ቡድን መጀመሪያ ይመታል፣ ሌላው ኳስ ይወረውራል፣ ይይዛል፣ ያስወጣል። የሚቆጠረው ነጥብ ራን ይባላል። መቺው ኳሷን መትቶ ከጓደኛው ጋር ቦታ ከተለዋወጠ አንድ ራን ያገኛል። ኳሷ መሬት ነክታ ድንበሩን ካለፈች አራት ይቆጠርለታል። መሬት ሳትነካ በአየር ካለፈች ስድስት ነው።

ስድስት ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። በዚህ ውድድር እያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር፣ ማለትም 300 ኳስ ይደርሰዋል። አንድ ወርዋሪ ከ10 ኦቨር በላይ መወርወር አይችልም። አንድ መቺ ሲወጣ «ዊኬት ወደቀ» ይባላል። አሥር ዊኬት ከወደቀ፣ ኳስ ቢተርፍም፣ የዚያ ቡድን ተራ አለቀ። ከዚያ ሁለተኛው ቡድን ገብቶ የመጀመሪያውን ቁጥር ለማለፍ ይሞክራል። አንድ ጨዋታ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ይህን ከያዛችሁ «362 በ5 ዊኬት» የሚል ውጤት ስታዩ ግራ አይገባችሁም። ቡድኑ 362 ራን አስቆጥሯል፣ አምስት መቺዎች ወጥተውበታል ማለት ነው። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ በ50 ኦቨር ክሪኬት 362 በጣም ትልቅ ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ኦቨር ከሰባት በላይ ራን እንደማግኘት ነው። ይህ ቁጥር ከታች ይመጣል።

የ2021 ውድድር መቼና የት ተካሄደ?

ከፌብሩዋሪ 7 እስከ 27፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥር 30 እስከ የካቲት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.። ቦታው አንቲጓ ነው። ጨዋታዎቹ በሁለት ሜዳ ተከፋፈሉ፤ በኩሊጅ ክሪኬት ሜዳና በሰር ቪቪያን ሪቻርድስ ስታዲየም። ሁለተኛው በስሙ የተሰየመለት ሰው የአንቲጓ ልጅ ነው። ክሪኬት ካፈራቸው ታላላቅ መቺዎች አንዱ ነው።

ለምን በአንድ ደሴት ብቻ?

በኮቪድ ምክንያት። ጊዜው ክትባት ገና መዳረስ የጀመረበት ነበር። በካሪቢያን ከአገር አገር መሄድ ማለት በአውሮፕላን ባሕር ማቋረጥ ነው። እያንዳንዱ መንግሥት ደግሞ የራሱ የኳራንቲን ሕግ ነበረው። ስለዚህ ቡድኖቹን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ከውጭ ሰው ለይቶና እየመረመረ ማጫወት ብቸኛው መንገድ ሆነ።

እኔ ይህ ውሳኔ በቂ ምስጋና አላገኘም ባይ ነኝ። ለትልልቅ አገሮች ቡድን ማግለያ ማዘጋጀት የገንዘብ ጉዳይ ነበር። የካሪቢያን ክሪኬት ቦርድ ግን ገንዘብ የተረፈው ተቋም አይደለም። ቢሰርዘው ማንም አይወቅሰውም ነበር። አልሰረዘውም።

ስንት ቡድን ተወዳደረ? ያለፈው ሻምፒዮን ለምን አልነበረም?

ስድስት ቡድን። ባርቤዶስ፣ ጉያና፣ ጃማይካ፣ ትሪኒዳድና ቶቤጎ፣ ሊዋርድ ደሴቶች እና ዊንድዋርድ ደሴቶች። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የትናንሽ ደሴቶች ጥምር ቡድኖች ናቸው። ሊዋርድ ውስጥ አንቲጓና ባርቡዳ፣ ሴንት ኪትስና ኔቪስ የመሳሰሉት አሉ። ዊንድዋርድ ውስጥ ሴንት ሉሺያ፣ ግሬናዳ፣ ዶሚኒካ እና ሴንት ቪንሰንት።

ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ዋንጫውን የወሰዱት ከእነዚህ ከስድስቱ አንዳቸውም አይደሉም። በ2018 ያሸነፈው የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ተማሪዎችን መሠረት ያደረገ ጥምር ቡድን ነው። በ2019 ደግሞ ኢመርጂንግ ቲም የተባለ የወጣቶች ስብስብ ሊዋርድ ደሴቶችን በፍጻሜው በ205 ራን ረመረመ። በ2021 ሁለቱም አልተጋበዙም። ኮቪድ ስላለ ውድድሩን ማሳነስ ግድ ነበር፤ የቀሩትም አገር የሚወክሉት ስድስቱ ብቻ ሆኑ። በ2018 ተሳትፈው የነበሩት አሜሪካና ካናዳም አልመጡም።

የተማሪዎቹ ቡድን ባለመኖሩ ተቆጭቻለሁ። ልጆች ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ ትልልቆቹን የሚገጥሙበት በር ነበር።

ለምንድን ነው ያን ያህል ታዋቂ ተጫዋች በአንድ የአገር ውስጥ ውድድር የተገኘው?

ይህ ነው ዘመኑን ለየት የሚያደርገው። በወትሮው የዌስት ኢንዲስ ኮከቦች ሱፐር 50 ላይ ብዙ አይታዩም። ወይ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ናቸው፣ ወይ በዓለም ዙሪያ ባሉ የ20 ኦቨር ሊጎች ይጫወታሉ። በዚያ ወር ግን ሁለት ነገር ተገጣጠመ።

ብሔራዊ ቡድኑ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 2021 ባንግላዴሽ መሄድ ነበረበት። አሥር ተጫዋቾች በኮቪድ ስጋት «አንሄድም» አሉ። ጄሰን ሆልደር፣ ኪሮን ፖላርድ፣ ኒኮላስ ፑራን፣ ኤቪን ሉዊስ፣ ዳረን ብራቮ፣ ሻይ ሆፕ ከእነሱ መሀል ናቸው። ሌሎች ሁለት በግል ጉዳይ ቀሩ። ማለትም የቡድኑ አከርካሪ ቤቱ ቀረ። ሱፐር 50 ሲጀመር ታዲያ ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ለየአገራቸው ተሰለፉ።

ባንግላዴሽ የሄደውን ቡድን ብዙ ሰው ንቆት ነበር። በፌብሩዋሪ 7 አንቲጓ ላይ ሱፐር 50 በተጀመረበት በዚያው ዕለት፣ ቻቶግራም ከተማ ውስጥ ካይል ሜየርስ የሚባል የመጀመሪያ የቴስት (እስከ አምስት ቀን የሚወስደው የአገሮች ክሪኬት) ጨዋታውን ያደረገ የባርቤዶስ ልጅ ሳይወጣ 210 ራን አስቆጠረ። ዌስት ኢንዲስ የተሰጠውን የ395 ራን ግብ አልፎ በሦስት ዊኬት አሸነፈ፤ ማለትም ግቡን ሲያልፍ ገና ሦስት ዊኬት ይቀረው ነበር። በእስያ ምድር እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ተከትሎ ያሸነፈ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። የካሪቢያን ሰው በአንድ ቀን የሁለት ክሪኬት ዜና ሰማ። እውነት ለመናገር፣ የመጀመሪያው ቀን ዜና ሜየርስ እንጂ ሱፐር 50 አልነበረም።

ባንግላዴሽ አንሄድም ያሉት ተቀጡ?

አልተቀጡም። ቦርዱ በኮቪድ ፈርቶ የቀረ ተጫዋች ለወደፊት ምርጫ አይጎዳም የሚል መመሪያ አስቀድሞ አውጥቶ ነበር። ቃሉንም ጠበቀ። በወቅቱ ተጫዋቾቹን ከሀዲ ያሏቸው ነበሩ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ለሕይወቱና ለቤተሰቡ ቢሰጋ መብቱ ነው። ደግሞም ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም፤ ለአገራቸው ማሊያ ለብሰው አንቲጓ ላይ ተፋልመዋል።

ማን አሸነፈ? ፍጻሜውስ እንዴት ነበር?

ትሪኒዳድና ቶቤጎ። ያውም አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ። አምበሉ ኪሮን ፖላርድ ነበር፤ በጊዜው የዌስት ኢንዲስም የአጫጭር ጨዋታዎች (የ50 እና የ20 ኦቨር) አምበል ነበር።

ፍጻሜው ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 27 ኩሊጅ ላይ ተደረገ። ተጋጣሚው ጉያና። ትሪኒዳድ መጀመሪያ መታና 362 በ5 ዊኬት አስቆጠረ። ሌንድል ሲመንስ ብቻውን 146 አገባ። በ50 ኦቨር ጨዋታ አንድ ሰው 100 ሲደርስ ስታዲየም ይነሣለታል። 146 ደግሞ፣ ያውም በፍጻሜ፣ ተጋጣሚን ገና ሳይመታ አንገት የሚያስደፋ ነው።

ጉያናዎች ሲገቡ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ከመጀመሪያው ኳስ ጀምሮ መሮጥ፣ መምታት፣ አደጋ መጋፈጥ ነበረባቸው። እንዲህ የሚያደርግ ቡድን ዊኬት ይጥላል። ዊኬቶቹን የለቀመው ራቪ ራምፖል ነበር፤ ከአሥሩ ስድስቱን ብቻውን ወሰደ። ጉያና 210 ላይ ሁሉም ወጡበት። ልዩነቱ 152 ራን። ለፍጻሜ ጨዋታ ይህ ሰፊ ነው፤ ድራማ የለውም። ግን በክሪኬት ደስ የሚለኝ አንዱ ነገር ይህ ነው፤ አንድ ቡድን ሁሉንም ነገር ትክክል ሲሠራ ማየት በራሱ ይበቃል።

ሲመንስና ራምፖል እነማን ናቸው?

ሁለቱም በዚያን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ነበሩ። 36 ዓመታቸው ነው። ብዙ ሰው «ጊዜያቸው አልፏል» ይል ነበር።

ሲመንስ የዌስት ኢንዲስ አሠልጣኝ የነበረው የፊል ሲመንስ የወንድም ልጅ ነው። ሰው የሚያስታውሰው በ2016 የ20 ኦቨር ዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነው። ሙምባይ ላይ፣ በሕንድ ሕዝብ ፊት፣ ሳይወጣ 82 አስቆጥሮ ሕንድን ከውድድሩ አስወጣ። ዌስት ኢንዲስ ያን ዋንጫ ወሰደ።

ራምፖል ፈጣን ወርዋሪ ነው። ከብሔራዊ ቡድኑ ርቆ ለዓመታት በእንግሊዝ የአገር ውስጥ ውድድር፣ ካውንቲ ክሪኬት በሚባለው፣ ተጫውቷል። በ2021 ሱፐር 50 ያሳየው ብቃት ዋጋ አገኘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለ20 ኦቨር ዓለም ዋንጫ ወደ ዌስት ኢንዲስ ቡድን ተመለሰ። የአገር ውስጥ ውድድር ጥቅሙ ለወጣት ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ራምፖልን ይመልከት።

ጉያና ደካማ ቡድን ነበር ማለት ነው?

በፍጹም። ጉያና ከ2014/15 እስከ 2018/19 የአራት ቀን የካሪቢያን ሻምፒዮናን አምስት ጊዜ በተከታታይ ወስዷል። በረጅሙ ጨዋታ የሚችላቸው አልነበረም። በ50 ኦቨር ግን የሆነ ነገር ይይዛቸዋል። በ2018 ለፍጻሜ ደርሰው በተማሪዎቹ ቡድን ተሸነፉ። በ2021 ደግሞ በትሪኒዳድ። ለጉያና ደጋፊ አዝኛለሁ። ደጋግሞ ፍጻሜ ደርሶ ባዶ እጅ መመለስ ከምድብ ከመውደቅ ይበልጥ ያማል።

ውድድሩ ካለቀ በኋላ ምን ተፈጠረ?

ብዙዎች የሱፐር 50ን ፍጻሜ ረስተው ይህን ያስታውሳሉ። ከፍጻሜው አራት ቀን በኋላ፣ ማርች 3፣ እዚያው ኩሊጅ ሜዳ ላይ ዌስት ኢንዲስ ስሪላንካን በ20 ኦቨር ጨዋታ ገጠመ። አኪላ ዳናንጃያ የተባለው የስሪላንካ ወርዋሪ በተከታታይ ሦስት ኳስ ሦስት ሰው አስወጣ። እነማንን? ኤቪን ሉዊስን፣ ክሪስ ጌይልን እና ኒኮላስ ፑራንን። ሃትሪክ ማለት ነው። ሁለቱ ከትሪኒዳድ ሻምፒዮኖች መሀል ናቸው።

ከዚያ ፖላርድ ገባ። ዳናንጃያ በሚቀጥለው ኦቨሩ የወረወራቸውን ስድስት ኳሶች ፖላርድ ስድስቱንም በአየር ከድንበር ውጭ አወጣቸው። ስድስት ኳስ፣ 36 ራን። በዓለም አቀፍ ጨዋታ ከዚያ በፊት ይህን ያደረጉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የደቡብ አፍሪካው ኸርሸል ጊብስና የሕንዱ ዩቭራጅ ሲንግ፣ ሁለቱም በ2007። አንድ ወርዋሪ በአንድ ጨዋታ ሃትሪክ ሠርቶ ወዲያው ስድስት ስድስት ሲመታበት ማየት በሕይወት አንዴም ላይገኝ ይችላል።

በቀጠለው የ50 ኦቨር ፍልሚያ ዌስት ኢንዲስ ስሪላንካን 3 ለ 0 አሸነፈ። በመጀመሪያው ጨዋታ ሻይ ሆፕ መቶ አለፈ፣ በሁለተኛው ሉዊስ፣ በሦስተኛው ብራቮ። ሦስቱም ባንግላዴሽ አልሄዱም ነበር። ከኮቪድ የመጀመሪያ ዓመት በኋላ ኳስ ሳይጠግቡ ወደ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ቢገቡ ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር? አይመስለኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያው ደሴት ኳስ ሲመቱ ነበርና ዐይናቸው ተገልጧል፣ እግራቸው ተፍታቷል። ሱፐር 50 የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ኩሊጅ ሜዳ የስታንፎርድ ሜዳ የነበረው ነው?

አዎ፣ ያው ነው። በአንቲጓ አየር ማረፊያ አጠገብ ይገኛል። ያሠራው አለን ስታንፎርድ የተባለ የቴክሳስ ባለሀብት ነው። በ2008 እዚያ ሜዳ ላይ ለአንድ ጨዋታ 20 ሚሊዮን ዶላር አስይዞ የካሪቢያን ምርጥ ቡድን እንግሊዝን በአሥር ዊኬት አሸነፈ። ወጣቱ ፖላርድ በዚያ ቡድን ውስጥ ነበር። በኋላ ሰውዬው ገንዘቡን ያገኘው በሰባት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የማጭበርበር ድርጊት መሆኑ ተረጋገጠ፤ በ2012 የ110 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሜዳው በኋላ በካሪቢያን ክሪኬት ቦርድ እጅ ገባ። ያ ሁሉ ሀብት በንኖ፣ ለካሪቢያን ልጆች የተረፈው ሣሩና መጫወቻው ነው።

ዝናብ ቢመጣስ?

ኦቨሮቹ ይቀነሳሉ። ሁለተኛው ቡድን የሚያሳድደው ቁጥር ዳክዎርዝ-ሉዊስ-ስተርን በሚባል ስሌት ይስተካከላል። ስሌቱ የቀሩትን ኦቨሮችና በእጅ ያሉትን ዊኬቶች ያያል። ጨርሶ መጫወት ካልተቻለ ቡድኖቹ ነጥብ ይካፈላሉ።

እኛ አበሾች ክሪኬት የት እናያለን?

ገልፍ ያለ ሰው ሳያውቀው አይቶታል። ዱባይ ወይም ሻርጃ ላይ በዕረፍት ቀን ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ ኳስ ሲወረውሩ የምታዩዋቸው የሕንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሠራተኞች የሚጫወቱት ክሪኬት ነው። ቀርባችሁ ብትጠይቁ በደስታ ያስረዷችኋል።

ዳላስ ያላችሁ ደግሞ ግራንድ ፕሬሪ የክሪኬት ስታዲየም አጠገባችሁ ነው። በጁን 2024 አሜሪካ ፓኪስታንን በ20 ኦቨር ዓለም ዋንጫ ያሸነፈችው እዚያ ነው። ከዚያ ቡድን ሳውራብ ኔትራቫልካር በ2018 አሜሪካ በሱፐር 50 ስትሳተፍ በቡድኑ ውስጥ ነበር። ሌላው ኮከብ አሮን ጆንስ ኒውዮርክ ተወልዶ ባርቤዶስ ያደገ ልጅ ነው። የካሪቢያን ክሪኬት እጅ እዚያም ደርሷል።

በ2028 ኦሎምፒክ ዌስት ኢንዲስን እናያለን?

በዌስት ኢንዲስ ስም አይሆንም። ክሪኬት በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ይገባል፤ በወንድም በሴትም ስድስት ስድስት ቡድን። ግን ኦሎምፒክ የሚያውቀው የራሱ ብሔራዊ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ያለውን አገር ነው። ጃማይካ አለው፣ ባርቤዶስ አለው፣ ትሪኒዳድም አለው። ዌስት ኢንዲስ የለውም። ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟል። በ1998 የኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ኳላላምፑር ላይ ባርቤዶስ፣ ጃማይካና አንቲጓ ለየብቻ ነው የገቡት። በ2022 በርሚንግሃም ላይ የተሰለፉት ሴቶች የባርቤዶስ ነበሩ።

ስለዚህ ካሪቢያን አንድ ቦታ ቢያገኝ ጥያቄው «የትኛው አገር ይሂድ?» ነው። ትክክለኛው መልስ እነዚህ አገሮች በራሳቸው ስም የሚገናኙበት ሜዳ ላይ መወሰኑ ይመስለኛል። በስብሰባ አዳራሽ የተመረጠ ቡድን ከሚላክ፣ ፖላርድና ጓደኞቹ በ2021 እንዳደረጉት ሁሉንም አሸንፎ የመጣ ይሂድ።